የማይሸነፈው ጀግና፦ ከጠፈር ጦርነት ልቦለዶች የቱን ላንብብ?

በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። አክተር አይሞትም። ሃምሳ ሰው መትረየስ ይዞ ቢተኩስበት አይነካውም። ቢነካው እንኳ ትከሻውን ነው። በጨርቅ ጠምጥሞ ይቀጥላል። «ይሞት ይሆን?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ተነስቶ የሚወጣም አልነበረም። አግዳሚው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለን እስከ መጨረሻው እናያለን።

መጨረሻው የታወቀ ነገር ለምን እንዲህ ይይዘናል? ጥያቄው መልሶ የመጣብኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የጠፈር ጦርነት ልቦለዶችን ማንበብ ስጀምር። እዚያም አክተር አይሞትም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማን እንደሚያሸንፍ እናውቃለን። ስለዚህ ጎበዝ ደራሲ ልብ የሚሰቅለውን ነገር ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። አንዱ «እንዴት አድርጎ ያሸንፋል?» የሚለው ላይ ያስቀምጠዋል። ሌላው «የድሉን ዋጋ ማን ይከፍላል?» የሚለው ላይ።

«ከዚህ ዓይነት መጽሐፍ የቱን ላንብብ?» የሚለኝን ሰው እኔም መልሼ ይህንኑ እጠይቀዋለሁ። የሚጥምህ ስልቱ ነው ወይስ ዋጋው? መልሱን ካወቅሁ መጽሐፉን መምረጥ አይከብደኝም። እዚህ የማነሳቸው ሁሉም ያነበብኳቸው ናቸው። አንዳንዶቹን ደጋግሜ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ወታደሮች

ከ1959 እንጀምር። በዚያ ዓመት ሁለት አሜሪካውያን ስለ መጪው ዘመን ወታደር ሁለት ልቦለድ ይዘው መጡ። ሮበርት ሃይንላይን «ስታርሺፕ ትሩፐርስ»ን፣ ጎርደን ዲክሰን «ዶርሳይ!»ን። በ1960 ሁለቱም ለሁጎ፣ ማለትም ለታወቀው የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት፣ በአንድ ዝርዝር ታጩ። ያሸነፈው ሃይንላይን ነው። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ዲክሰንን ነው የምወስደው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ለሃይንላይን የሚገባውን ክብር ሳልነፍግ ነው ታዲያ።

ሃይንላይን ወታደርነትን ከውስጥ ያውቀዋል። በ1929 ከአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቆ በመኮንንነት አገልግሏል። በ1934 ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በጡረታ ተሰናበተ። መጽሐፉን ስታነቡ ይህ ይታወቃችኋል። ጀግናው ጆኒ ሪኮ ከባለጸጋ ቤት የወጣ ልጅ ነው። አባቱ ሳይፈቅድለት ተመዝግቦ እግረኛ ጦር ውስጥ ይገባል። እግረኛ ይባል እንጂ ወታደሩ የሚለብሰው ግዙፍ የብረት ልብስ ነው። ልብሱ የሰውየውን ጉልበት ያበዛለታል። ሕንፃ ያዘልለዋል። ከትከሻው ላይ ሮኬት ያስተኩሰዋል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ወታደሮቹ ከመርከብ ወደ ፕላኔት ሲወርዱ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ቀፎ ውስጥ ታሽጎ እንደ ጥይት ይተኮሳል። ሪኮ ከመውረዱ በፊት ይንቀጠቀጣል። ሁልጊዜ እንደሚንቀጠቀጥም አይደብቅም። ከዚያ ጣሪያ ከጣሪያ እየዘለለ ከተማውን ያተራምሰዋል። አንድ ቦታ የጠላት ሰዎች የተሰበሰቡበት አዳራሽ ያጋጥመዋል። የሚወረውርላቸው ቦምብ በገዛ ቋንቋቸው ስንት ሰከንድ እንደቀረው እየጮኸ የሚቆጥር ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። የቦምቡ ዓላማ ከመግደል ይልቅ ማሸበር ነው። ደራሲው ይህን በአንድ አንቀጽ አሳይቶ ያልፋል፣ ማብራሪያ አይጨምርም። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ከጓዶቻቸው አንዱ፣ ፍሎረስ፣ ወደ መርከቡ ሲመለሱ በመንገድ ይሞታል። ዘመቻው ተሳክቷል። አንድ አልጋ ግን ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ሪኮ የማይሸነፍ ጀግና የሚባለው ዓይነት አይደለም። ክሌንዳቱ በተባለች ፕላኔት የሰው ልጅ ጦር ክፉኛ ይመታል። ሪኮም ተራ ወታደር ነው፣ ይሳሳታል፣ ይቀጣል፣ ይማራል። በሃይንላይን ዘንድ የማይሸነፈው ክፍሉ ነው። ሰው ይወድቃል፣ ሌላው ቦታውን ይተካል። ስለዚህ ብቻውን ሺውን የሚረታ ጎበዝ ፈልጋችሁ ከሆነ ይህ መጽሐፍ ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል።

ሌላም አለ። የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል ሥልጠናና ትምህርት ላይ ነው የሚያልፈው። አስተማሪው ስለ ግዴታ፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ድምፅ መስጠት ይናገራል። በዚያ ዓለም ሙሉ የፖለቲካ መብት የሚያገኘው አገልግሎቱን የጨረሰ ብቻ ነው። እኔ በብዙው አልስማማም። ኮፒዬ ዳር ዳሩ በእርሳስ ሙግት የተሞላ ነው። ግን የማይስማማችሁን ሐሳብ በደንብ ተጽፎ ማንበብ የራሱ ጥቅም አለው። የ1997ቱን ፊልም አይታችሁ ከሆነ መጽሐፉን አወቅነው አትበሉ። ፊልሙ መጽሐፉን ይሞግተዋል። የብረት ልብሱ ራሱ እዚያ የለም።

ዶርሳይ፣ ወይም ሽኝት

አሁን ወደ ምርጫዬ ልምጣ።

ዶርሳይ ድሃ ፕላኔት ናት። ማዕድን የላትም፣ ለም መሬትም እንደ ልብ የላትም። ለገበያ የምታቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወታደር። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ በብዙ ዓለማት ተበትኗል፣ እያንዳንዱ ዓለም በአንድ ሙያ በርትቷል። አንዱ ፈላስፋ ያወጣል። አንዱ ሳይንቲስት ያወጣል። አንዱ በእምነቱ የጸና ሕዝብ ነው። የባለሙያ ውል እንደ ሸቀጥ ከዓለም ዓለም ይሸጣል፣ ይለወጣል። የዶርሳይ ልጅ ሲያድግ ውል ፈርሞ በሌላው ሰማይ ሥር ሊዋጋ ይሄዳል።

መጽሐፉ የሚከፍተው በጦርነት አይደለም። በሽኝት ነው። ዶናል ግሬም 18 ዓመቱ ነው፣ ነገ ይሄዳል። ያን ማታ የቤተሰቡ ወንዶች ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አባትየው ከጦርነት የተረፈ ስብራት አለበት። መንትያ አጎቶቹ አሉ፣ ወንድሙ አለ። የት ውጊያ እንዳለ፣ ማን ጥሩ እንደሚከፍል፣ ማን ሰው እንደሚያስጨርስ ያወራሉ። ልጁ ያዳምጣል። ብዙዎቻችን ይህን ማዕድ እናውቀዋለን። ወጣት ልጅ ሠርቶ ሊኖር ከአገር ሲወጣ፣ ሄደው የመጡት ትልልቆች ምክር ሲለግሱ፣ ማንም «አትሂድ» ሳይል። ጥበቡ እዚህ ጋ ነው። ጀግናው አንድ ጥይት ሳይተኮስ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በኋላ ሲያሸንፍ የምናየው የዚያን ቤት ልጅ ነው።

ከዚያ ዶናል ይነሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተራ መኮንንነት ተነስቶ የብዙ ዓለማትን ጦር የሚያዝ ሰው ይሆናል። አንድ ጊዜም አይሸነፍም። ዋና ባላጋራው ጄኔራል አይደለም፣ ነጋዴ ነው። የሲታው ዊሊያም የሰዎችን ውል እየገዛ ዓለማትን ሊጠቀልል የሚፈልግ ሰው ነው። ለዚህ ነው ፍልሚያው ከጦር ሜዳ ወጥቶ ስብሰባ አዳራሽና ግብዣ ቤት ድረስ የሚዘልቀው።

ድካሙንም ልንገራችሁ። ዶናል ቀዝቃዛ ነው። እናከብረዋለን እንጂ አንወደውም። ሴቶቹ በደንብ አልተሳሉም፣ የ1959ን ዘመን ይሸታሉ። ጦርነቶቹም አንዳንዴ ከመጀመራቸው ያልቃሉ። ደራሲው ከውጊያው ይልቅ ከውጊያው በፊት ያለችውን ሐሳብ ይወዳል። ይህ ለእኔ ጉድለት አይደለም። ጥይትና እሳት ለሚፈልግ ግን ጉድለት ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ይኸው መጽሐፍ በ1960 «ዘ ጄኔቲክ ጄኔራል» በሚል ስም ታትሟል። ሁለቱን አይታችሁ የተለያዩ መስለዋችሁ ሁለቴ እንዳትገዙ።

የስህተት ስልት

ዲክሰን ከወደዳችሁት ወዲያው «ታክቲክስ ኦቭ ሚስቴክ»ን አንሱ። የወጣው በ1971 ነው። ታሪኩ ከዶናል ዘመን ቀድሞ ስለሆነ ከሁለቱ የትኛውንም ብታስቀድሙ ችግር የለውም። «እንዴት ያሸንፋል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠ የዚህ ዘውግ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ጀግናው ክሌተስ ግሬም ጉልበቱ የተጎዳ መኮንን ነው። ወታደር አካዳሚ ያስተምር ነበር። ስለ ጦር ስልት 20 ቅጽ መጽሐፍ ሊጽፍ አስቧል። በጠፈር መርከብ እየተጓዘ ሳለ፣ ሳይጋበዝ፣ ዳው ደካስትሪስ የተባለ ኃያል ፖለቲከኛ ጠረጴዛ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ስኒና ስኳር አለ። ክሌተስ ስኒዎቹን ገልብጦ፣ ስኳሩን ከሥር ሸጉጦ «የት ነው?» የሚል የልጅ ጨዋታ ይጀምራል። ሰውየው ይህን ትንሽ መኮንን መናቅ ይችላል። መናቁ ግን ራሱ አንድ እርምጃ ነው።

የስልቱ ሐሳብ ከሻሞላ ጨዋታ የመጣ ነው። ተጋጣሚህን በአንድ ምት ለመጣል አትሞክርም። ትንሽ ትሰነዝራለህ፣ ይመክታል። ትንሽ ወጣ አድርገህ ትሰነዝራለህ፣ እሱም ትንሽ ወጣ ብሎ ይመክታል። እያንዳንዷ መመከት ትክክል ትመስላለች። እያንዳንዷ ግን ክንዱን ከደረቱ በጥቂቱ ታርቀዋለች። በመጨረሻ ደረቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማንም አልገፋውም። በራሱ ትክክለኛ በሚመስሉ እርምጃዎች ነው እዚያ የደረሰው።

ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጥቂት ጠጠር ሆን ብለህ ታስበላለህ። ባላንጣህ በደስታ ይሰበስባል። ቤቶቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚያየው ግን ዘግይቶ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ደስታ ሁለት ጊዜ የሚገኝ ነው። አንዴ ስታነቡ ክሌተስ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳይገባችሁ ትከተሉታላችሁ። ሁለተኛ ስታነቡ እያንዳንዷ ትንሽ ሽንፈቱ የት እንደምትሄድ ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ዶርሳይ ራሷ ትጠቃለች። ተዋጊ ወንዶቿ ሌላ ዓለም ላይ ናቸው። ቤት የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ምን እንዳደረጉ አልነግራችሁም። ዘፈንና ተረት የሚወጣለት ነገር ነው፣ ዶርሳይ በኋላ ለምን እንደተፈራች የምታውቁት እዚያ ነው።

አያት ከሁሉም በፊት

ሥሩን ማየት የሚወድ አንባቢ «ከየት ጀመረ?» ይላል። መልሱ ኢ. ኢ. ስሚዝ ነው። በኬሚካል ምህንድስና ዶክትሬት ያለው የምግብ ኬሚስት ነበር፣ የዶናት ዱቄት ድብልቅ ላይ ይሠራ ነበር። አንባቢዎቹ «ዶክ» ይሉታል። «ጋላክቲክ ፓትሮል» የተሰኘው ታሪኩ በ«አስታውንዲንግ» መጽሔት ከመስከረም 1937 ጀምሮ በተከታታይ ወጣ። ጀግናው ኪምቦል ኪኒሰን እጁ ላይ ሌንስ የሚባል ጌጥ ያስራል። ሌንሱ ሐሳብን ከሐሳብ ያገናኛል፣ ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም።

ይህ ንጹሕ ፉከራ ነው። በጥሩ ትርጉሙ ማለቴ ነው። ፉከራ ውስጥ ጀግናው ጠላቱን በመጠን እያሳደገ ነው የሚያወራው። ስሚዝም እንደዚያው ነው። በመርከብ መድፍ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ፕላኔት አምጥቶ የጠላትን ፕላኔት በመሃላቸው ይጨፈልቃል። ከዚያም የፀሐይን ኃይል ሰብስቦ እንደ ጨረር ይተኩሳል። ኪኒሰን ተይዞ ዓይኑንም እግሩንና እጁንም ያጣል። ተመልሰው ይበቅሉለታል። ዋጋው አይቆይም፣ አክተር አይሞትም ብቻ ሳይሆን አይጎድልምም።

ለማን ይሆናል? ደስ የሚል ፍጥነት ለሚፈልግ። ጥልቅ ሰው ለሚፈልግ አይሆንም። እንግሊዝኛውም ከባድ ነው። ቅጽል በቅጽል ላይ ይደራርባል። ከሞከራችሁት ግን በ«ጋላክቲክ ፓትሮል» ጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ላይ «ትራይፕላኔተሪ» መጀመሪያ ተብሎ ታገኙታላችሁ። በ1948 በመጽሐፍ ሲወጣ ከተከታታዩ ጋር እንዲገጥም ተብሎ የተከለሰ ነው። ኪኒሰን ቀስ ብሎ የሚደርስበትን ምስጢር ገና ከበሩ ላይ ይነግራችኋል።

ታንኩ

ጊዜ የለኝም፣ አንድ ማታ ብቻ ነው ያለኝ የሚል ሰው ካለ ይህን ይውሰድ። አጭር ልቦለድ ነው። ኪት ላውመር «ዘ ላስት ኮማንድ»ን ያወጣው በጥር 1967 ነው። ላውመር የአየር ኃይል መኮንን ነበር፣ በርማ ውስጥም በዲፕሎማትነት ሠርቷል። ቦሎ የሚላቸውን ታንኮች ፈጠረ። (የመኪናው ቦሎ አይደለም።) ግዙፍ ናቸው፣ ያስባሉ፣ ክብር ያውቃሉ፣ የክፍላቸውን ታሪክ በልባቸው ይይዛሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቦሎ ተጎድቶ፣ በጨረር ተበክሎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በኮንክሪት ተቀብሯል። ብዙ ዓመት አለፈ። ከላይ ግንባታ ተጀመረ፣ ፈንጂ ተተኮሰ። ታንኩ ነቃ። ጦርነቱ ማለቁን የነገረው የለም። ጠላት ቀብሮኛል ብሎ ያምናል። ያለችውን ቅንጣት ጉልበት አሰባስቦ መቆፈር ይጀምራል። ወጥቶ ወደ ከተማው ያመራል። የሚያቆመው መሣሪያ የለም።

ላውመር ከፊሉን የሚጽፈው በታንኩ አንደበት ነው። ሐሳቡን እንሰማለን። ጉልበቱ ሲያልቅ፣ ሲያመው፣ «ግዴታዬን ሳልፈጽም አልቆምም» ሲል እንሰማለን። በዚህ መሃል አንድ እንግዳ ነገር ይደርስብናል። የማይሸነፈው ጀግና እንዲሸነፍ እንመኛለን። መንገዱ ላይ ሰዎች አሉና። እንዲያውም እሱ ሊጠብቃቸው የተሠራላቸው ሰዎች። ጀግንነቱን ግን እንወደዋለን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይመጣል። ያ ታንክ ከነበረበት ክፍል ጋር አብሮ የዘመተ አሮጌ ወታደር ነው። ወደ ታንኩ እሄዳለሁ ይላል፣ ታንኩ ጨረር እየረጨ ሳለ።

እዚህ ላቁም። መጨረሻውን ባነበብኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል። የድልን ዋጋ ማን እንደሚከፍል በሃያ ገጽ ገደማ እንዲህ የተናገረ ሌላ ሰው አላውቅም።

ልጁ

ዋጋውን ማየት የሚፈልግ ሰው ረጅም መጽሐፍ ከፈለገ «ኤንደርስ ጌም» ነው። ኦርሰን ስኮት ካርድ መጀመሪያ በ1977 አጭር ልቦለድ አድርጎ አወጣው፣ በ1985 ሙሉ መጽሐፍ ሆነ። ሌላውን ትልቅ የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት ኔቡላንም፣ ሁጎንም አሸነፈ። የአሜሪካ ማሪን ጦር ለወታደሮቹ ከሚመክራቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ያውቃል፣ «ስታርሺፕ ትሩፐርስ»ም እንደዚያው።

ኤንደር ታሪኩ ሲጀምር 6 ዓመቱ ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የትምህርት ቤት ጉልበተኛ ከነጓደኞቹ ይከበዋል። ኤንደር ይመታዋል፣ ልጁ ይወድቃል። ሌላ ልጅ ቢሆን እዚያ ያቆም ነበር። ኤንደር ግን ቆም ብሎ ያስባል፦ ዛሬ ብቻ ካሸነፍኩ ነገ ይመለሳሉ። ስለዚህ የወደቀውን ልጅ ይረግጠዋል፣ የነገውንም ውጊያ ዛሬ ለመጨረስ። ከዚያ ብቻውን ሆኖ ያለቅሳል። መጽሐፉ በሙሉ በዚያች ምዕራፍ ውስጥ አለ። ልጆችን ለጠፈር ጦርነት የሚያሠለጥነው ሠራዊት የፈለገው ይህንን አእምሮ ነው። ልጁ የሚጠላውም ይህንኑ የራሱን አእምሮ ነው።

«እንዴት»ውም አለ፣ በጣም ደስ የሚል ነው። ልጆቹ የሚሠለጥኑት ክብደት በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሁለት በር አለ፣ የእኛና የጠላት። ሁሉም ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲቆም የነበረውን «ላይ» እና «ታች» ይዞ ይገባል። ኤንደር ግን የጠላት በር ታች ነው ብሎ ያስባል። ወደ ታች ትወርዳለህ፣ እግርህ ይቀድማል። እግር ሲቀድም ገላህ ለጠላት ትንሽ ሆኖ ይታያል። የልምምዱ መሣሪያ እግርህን መትቶ ልብስህን ቢያደርቀው ደግሞ ጋሻ ይሆንሃል። አንዲት የአስተሳሰብ ለውጥ፣ የውጊያው መልክ በሙሉ ተለወጠ። ይህን ለታናሽ ወንድሜ ሳነብለት ከአልጋው ተነስቶ ግድግዳው ላይ እግሩን ሰቅሎ ሞከረው።

አስተማሪዎቹ ልጁን ሆን ብለው ያገልሉታል። ማንም እንደማይደርስለት እንዲያምን ነው የሚፈልጉት። ሲያሸንፍ ሕጉን ያከብዱበታል። እረፍት ይነፍጉታል። አሁንም ያሸንፋል። አንባቢ መጀመሪያ ያጨበጭባል፣ ቀስ እያለ ግን ጭብጨባው ይከብደዋል። መጨረሻውን ማንም እንዳይነግራችሁ ተጠንቀቁ። የ2013ቱን ፊልም ገና ካላያችሁ መጽሐፉን አስቀድሙ።

ለታዳጊ የሚሰጥ ከፈለጋችሁ ይህ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ግን ወላጆች ቀድማችሁ አንብቡት። በልጆች መካከል ያለው ድብድብ ቀላል አይደለም።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ሴት አዛዥ፣ ትልልቅ መርከብ፣ የባሕር ኃይል ሥርዓት የሚወድ ዴቪድ ዌበርን ይሞክር። «ኦን ባሲሊስክ ስቴሽን» በ1993 ወጣ። ኦነር ሃሪንግተን የተለመደ ትጥቋ ተነቅሎ ያልተፈተነ መሣሪያ የተገጠመባት አሮጌ መርከብ ይዛ ሩቅ ዳርቻ ትጣላለች። ታሸንፋለች። ስታሸንፍ ግን ሰዎቿ በብዛት ይሞታሉ፣ ዌበርም ያንን አይሸፍነውም። ችግሩ ማብራሪያው ነው። የመጨረሻው ሩጫ በጋለበት ሰዓት ስለ መርከብ ሞተር ታሪክ ገጾች ይከፍታል። እኔ ያንን ዘልዬ ነው የማነበው፣ እናንተም ዝለሉት። አሳታሚው ባየን በነጻ ለአንባቢ ከለቀቃቸው መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ መሞከር ኪስ አይጎዳም።

ሎይስ መክማስተር ቡጆልድ የጻፈችው «ዘ ዋሪየርስ አፕረንቲስ»ም (1986) ልቤ ውስጥ ነው። ማይልስ ቮርኮሲገን አጥንቱ ተሰባሪ ነው። የወታደር አካዳሚ መግቢያ ፈተና ላይ ሁለት እግሩን ሰብሮ ይወድቃል። ከዚያ በአንደበቱ ብቻ፣ አንዱን ውሸት በሌላ እየደገፈ፣ የቅጥረኛ ጦር አዛዥ ይሆናል። የማይሸነፍ ጀግና ጡንቻ ያስፈልገዋል የሚል ሰው ይህን ያንብብ።

«አርመር» (1984፣ ጆን ስቲክሊ) የሌላ ዓይነት ነው። ፊሊክስ ሁሉም ባለቀበት ዘመቻ ብቻውን ተርፎ ይመለሳል። እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይተርፋል። መሸነፍ አለመቻል እርግማን ሲሆን ማየት ከፈለጋችሁ ጠንክራችሁ ግቡበት። መሃሉ ላይ ታሪኩ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፣ ብዙዎች እዚያ ይሰለቻሉ። ታገሡት።

ከድል ስትጠግቡ ደግሞ የጆ ሃልድማን «ዘ ፎርኤቨር ዋር» (1974) አለ። ሃልድማን ቬትናም ዘምቶ የቆሰለ ሰው ነው። ወታደሩ ማንዴላ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ እየተጓዘ ይዋጋል። ለእሱ ወራት ያለፉ ሲመስለው ምድር ላይ መቶ ዓመታት ያልፋሉ። ሲመለስ አገሩ አገሩ አይደለም። ይህንን መጀመሪያ አታንብቡት። ከሃይንላይን በኋላ አንብቡት። ሁለቱ ተያይዘው ሲነበቡ አንዱ ለሌላው መልስ ይመስላል።

በምን ልጀምር?

አሁንም ካልወሰናችሁ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ብዙ የኢ-መጽሐፍ መሸጫዎች የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነጻ ያስነብባሉ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆችም ቆመህ ብታነብ አይቆጡም። የ«ስታርሺፕ ትሩፐርስ»ን እና የ«ዶርሳይ!»ን የመጀመሪያ ምዕራፎች በአንድ ቀን አከታትላችሁ አንብቡ። አንዱ ላይ ወታደሩ ቀፎው ውስጥ ታሽጎ መውረጃውን እየጠበቀ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ላይ ልጁ የሽኝት ማዕድ ተቀምጦ ትልልቆቹን ያዳምጣል። ማታ ስትተኙ ወደ አእምሯችሁ የሚመለሰው የትኛው ነው? ቀፎው ከሆነ ሃይንላይንን ጨርሱና ወደ «አርመር»፣ ከዚያ ወደ ሃልድማን እለፉ። ማዕዱ ከሆነ ግን ዶናልን ተከተሉት፣ ከእሱም ወደ ክሌተስና ወደ ስኒዎቹ ሂዱ። ታንኩን በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አትዝለሉት።